ባለጥርሷ እና ጋሽ ጨለማ

ከእኔ የክርና የዚፕ ሱቅ በላይ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። ሚስትየዋን ሰፈሩ ሁሉ ባለጥርሷ ይላታል። አፏ ውስጥ ያለው ጥርስ እንደማናችንም ነው፤ ስሙ የወጣላት በምትሰፋው ቦርሳ ነው። ከመዳፍ ትንሽ ከፍ የምትል፣ ስልክና የቤት ቁልፍ ከያዘች ሌላ የማይገባባት፣ በጀርባ የምትነገት ቦርሳ ናት። ቦርሳዋ ደግሞ ፊት አላት። ዓይኗ የፈጠጠ፣ ቆዳዋ የተተለተለ፣ ዚፑ አፍ የሆነላት፣ በዚፑ ዳርና ዳር ነጭ ጥርስ የተደረደረባት። ሲከፍቷት አፏን ትከፍታለች፤ እጅ ሲከቱባት የምትነክስ ትመስላለች።

መጀመሪያ ያየኋት ቀን፣ "ይቺን ደግሞ ማን ደፍሮ ሊያዝላት ነው?" ብዬ ነበር። አስፈሪ ፊልም የሚወድ ሰው ይህን ያህል መኖሩን አላውቅም ነበራ። አዲስ ፊልም በሚወጣበት ሳምንት ጥቁር በጥቁር የለበሱ ወጣቶች ደረጃችንን ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ። ከጫማቸው፣ ከከንፈር ቀለማቸው፣ ከጥፍራቸው ጋር የምትሄደውን ያማርጣሉ። አንዷ የሬሳ ሣጥን ቅርጽ ያላትን ትወስዳለች፤ ሌላው ከኪሷ የሰው ጣት ብቅ ያለባትን። ገዝተው ሲወርዱ የእኔ ሱቅ በር ላይ ቆመው አንዳቸው የሌላቸውን ጀርባ ፎቶ ያነሳሉ። ክር ልትገዛ የመጣች እናት ልጇን ወደ ጉያዋ ስትስብ እያየሁ ስንቴ ስቄያለሁ።

ባለጥርሷ ራሷ ግን ፈሪ ነበረች። የነገረችኝም እሷው ናት። በወጣትነቷ የተማሪ ቦርሳ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ሰፊ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ ቀጥ ያለ ስፌት፣ አንድ ዓይነት ኪስ፣ አንድ ዓይነት ማንገቻ። አንድ እሑድ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር መንገዱ መጨረሻ ላይ ወደነበረው ሲኒማ ቤት ገባች። ፊልሙ የሚያስፈራ መሆኑን ማንም አልነገራትም። ገና ሳይጋመስ እየሮጠች ወጥታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ፊልም የሚያጫውተው ሰው ውኃ ሊጠጣ ከክፍሉ ብቅ ሲል አገኛት።

"ምን ሆነሽ ነው እህቴ?"

"ምንም። ፈራሁ።"

"ነይማ፣ የፈራሽውን ነገር ላሳይሽ።"

ወደ ጠባቧ የማሽን ክፍል አስገባት። ፊልሙ ይሽከረከራል፣ መብራቱ ይፋጃል፣ ጨረሩ በትንሿ ቀዳዳ በኩል አቧራ እየያዘ ወደ አዳራሹ ይወርዳል። ሰውየው መዳፉን ዘርግቶ ጨረሩን ጋረደው። ጩኸቱ አልቆመም፤ ሸራው ላይ ያለው ነገር ግን ድራሹ ጠፋ። አዳራሹ በፉጨት ተናወጠ። እጁን አነሳና፣ "አየሽ? በእጅ የሚከደን ነገር ነው" አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊልም አስፈርቷት አያውቅም። ከሰውየውም አልተለየችም።

ያ ሰው ነው እንግዲህ እኛ ጋሽ ጨለማ የምንላቸው። የአዳራሹን መብራት የሚያጠፉት እሳቸው ስለነበሩ ወጣቶቹ ያወጡላቸው ስም ነው፤ ሲጠሩበት ደስ ይላቸዋል። የመጀመሪያዋን ቦርሳ ባለጥርሷ የሰፋችው ለእሳቸው ነው። በዚያ በጨለመ ክፍላቸው ውስጥ መነጽራቸውን የት እንዳኖሩት ሁልጊዜ ይጠፋባቸዋል፤ ከፋብሪካ በተረፈ ቁርጥራጭ ሌዘር መያዣ ሠራችላቸውና፣ "ይቺስ አትጠፋብህም፤ ብትረሳት እንኳ እሷ ትፈልግሃለች" ብላ ጥርስ ተከለችባት። እሳቸው እሷኑ አንግተው ትኬት መቁረጫው መስኮት አጠገብ ቆሙ። በዚያ ሳምንት ሦስት ልጆች "ከየት ገዙት?" ብለው ጠየቁ። ባለጥርሷ ፋብሪካውን የተወችው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው።

ሲኒማ ቤቱ ተዘግቶ የጎማ መጋዘን ሲሆን ጋሽ ጨለማ ቤት ዋሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ይተክዝ ነበር፤ እሳቸው ወንበራቸውን ከስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት አስቀምጠው አዲስ ሥራ ጀመሩ። ያለቀች ቦርሳ ሁሉ በእሳቸው እጅ ሳታልፍ አትሸጥም።

"ይቺ አታስፈራም፤ ጥርሷን ያመማት ነው የምትመስለው" ይላሉ። "ዓይኗን አራርቂው። ሰው የሚፈራው ወዴት እንደሚያይ የማይታወቅ ዓይን ነው።" ወይም ደግሞ አንዷን አገላብጠው ያዩና፣ "ይቺኛዋስ ቁርጥ አክስትሽን ናት። እንዳትሸጫት፣ ሥጋሽ ናት" ይላሉ። ያኔ ባለጥርሷ በሳቅ ትፈርሳለች። ሳቋ ወለሉን ሰንጥቆ እኔ ሱቅ ድረስ ይመጣ ነበር።

ነገሩ የጀመረውም በቀልድ ነው፤ ቢያንስ እሷ ቀልድ መስሏት ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ጨለማ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለች ቦርሳ እያመለከቱ፣ "ያ ሰውዬ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ የቆመው?" አሉ።

"ከትናንት ጀምሮ" አለች እጇን ከሥራው ሳታነሳ። "ገዢ እየጠበቀ ነው።"

"ታዲያ አስቀምጪዋ። እግሩ አይዝልም?"

ሳቀች። ቀና ስትል እሳቸው እየሳቁ አልነበረም። ከወንበራቸው ተነስተው ለሰውየው ቦታ ለቀዋል።

ከዚያ ወዲያ ሰውየውም አልጠፋ፣ ጓደኞቹም በዙ። ባለጥርሷ ገበያ ደርሳ ስትመለስ ቦርሳዎቹ ሁሉ ፊታቸው ወደ ግድግዳ ዞሮ፣ ጋሽ ጨለማ በሁለት እጃቸው ዓይናቸውን ይዘው ወለሉ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። "ሲያዩኝ ዋሉ" አሏት። "ምንም ሳይናገሩ ሲያዩኝ ዋሉ።"

አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ የምትኖር፣ ቢሮ የምትሠራ ሴት ልጅ። እሷ መጥታ ሁለቱንም ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ነገሩን ሳታድበሰብስ ነገረቻቸው። ማስታወስን ቀስ በቀስ የሚበላ ሕመም ነው። መድኃኒቱ ሊያዘገየው ይችል ይሆናል፤ አያቆመውም። በመጨረሻም፣ "ቤት ውስጥ የሚያስፈራቸው ነገር ካለ ያንሱላቸው" አለች። ባለጥርሷ ሐኪሟ ፊት ሳቋ አመለጣት። "ቤታችንን ብታይው እኮ..." ብላ ጀመረችና እንባዋ መጣ። ልጅቷ ናት በኋላ የነገረችኝ።

ከእኔ ሱቅ አንሶላ የሚያህል ጥቁር ገበር ወስዳ ግድግዳውን ሁሉ ሸፈነች። ባሰ። ከገበሩ ሥር ያበጠ ያበጠ ነገር ይታያል፤ ለጋሽ ጨለማ እነሱ መጋረጃ ጀርባ የቆሙ ሰዎች ናቸው። ቦርሳዎቹን ካርቶን ውስጥ ከታ አልጋ ሥር አስገባቻቸው። እሳቸው አልጋው ላይ አልተኛም አሉ። የአበባና የወፍ ሥዕል ያለባቸው ቦርሳዎችም ሞከረች። ወጣቶቹ እያገላበጡ፣ "ቆንጆ ናት፣ እትዬ" ይሉና ሳይገዙ ይወርዳሉ። አንዲት ብቻ ገዛች። እሷም መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ እኛ ቀጭኗ የምንላት ልጅ ናት፤ ባለጥርሷ ከሰፋችው ያልገዛችው የለም፣ የአበባዋን የወሰደችው ግን ለይሉኝታ እንደሆነ ያስታውቅባታል።

"እማዬ፣ ሥራውን ተይው" አለቻት ልጇ አንድ ቀን፣ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ። "ወይ ወደ ፋብሪካው ተመለሺ፣ ወይ እኔ ጋ ኑ።"

"አንቺ ጋ የት? ልጆችሽ ላይ ልንተኛ? ፋብሪካ ከገባሁ ደግሞ አባትሽን ማን ይጠብቀዋል? እዚህ ብሰፋ ነው ዓይኔ የማይለየው።"

 

አንድ ጠዋት ግን ባለጥርሷ ደረጃውን እየሮጠች ወርዳ ሱቄ ገባች። ፊቷ በርቷል። "ገባው" አለችኝ። "ምን?" ስላት እየተጣደፈች ነገረችኝ። አንዷን ቦርሳ ጭናቸው ላይ አስቀምጣ ውስጧን ወደ ውጪ ገልብጣ አሳየቻቸው። "እይ፣ ይሄ ገበር ነው። ይሄ ስፖንጅ። ይሄ የእኔ ክር። ጥርሱ ጨርቅ ነው፣ ንካው።" በጣታቸው ነኩት። "ጨርቅ ነው" አሉ። "አዎ፣ ጨርቅ ነው።" "አንቺ ነሽ የሰፋሽው?" "እኔ ነኝ።" ደጋግመው አገላበጧትና፣ "ጎበዝ ነሽ። የት ነው የተማርሽው?" አሏት።

"ዱሮ እሱ እንዳደረገልኝ ነው ያደረግኩለት" አለችኝ። "የሚያስፈራውን ነገር ከነሆዱ አሳየሁት።"

ያን ያህል ደስ ብሏት ካየኋት ስንት ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ተያይዘን ወደ ላይ ወጣን። ገና ደረጃው መሐል ሳለን ጩኸታቸውን ሰማን። ቦርሳዋ ከጭናቸው ወድቃ ወለሉ ላይ ቀና ብላ ታያቸዋለች፤ እሳቸው ከመስኮቱ ጋር ተጣብቀዋል። ባለጥርሷ አላመነችም። እንደገና ገለበጠችላቸው፣ እንደገና ገባቸው፣ እንደገና ጎበዝ አሏት። ደግሞ ጠፋባቸው። ቀኑን ሙሉ ስትሞክር ዋለች። የገባቸው ነገር ሁሉ እንደ ውኃ ይፈስሳል፤ ፍርሃቱ ብቻ ከሥር ይቀራል። ሰው ላለመፍራት ማስታወስ እንደሚያስፈልገው እስከዚያን ቀን አስቤው አላውቅም።

በዚያው ሰሞን የፊልም ወዳጆቹ ማኅበር ዝግጅት ሊያደርግ ሆነ። ቀጭኗ ናት መልእክቱን ይዛ የመጣችው። የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ተከራይተው ቅዳሜ ከሰዓት እንደ ልማዳቸው ጭምብል አጥልቀው ሊሰበሰቡ፣ የቆየ ፊልም ሊያዩ፣ በዚያውም ባለጥርሷንና ጋሽ ጨለማን ሊያመሰግኑ አስበዋል። ስጦታም አዘጋጅተዋል።

"እማዬ፣ አባዬ ያንን ሁሉ ጭምብል እንዴት ሊችለው ነው?" አለች ልጅቷ።

"ፊልም ያውቃል። ፊልም ፈርቶ አያውቅም" አለች እናቷ። "አዳራሽ ሲያይ፣ ሸራ ሲያይ፣ ምናልባት የሆነ ነገር ትዝ ቢለውስ?"

ተስፋ መሆኑ ነው። እኔም አይዞሽ አልኳት፤ ምን ልበላት።

በቀኑ ጋሽ ጨለማ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ባለጥርሷ አስቀድማ ተናግራ ስለነበር በሩ ላይ ጭምብል ያጠለቀ ሰው አልነበረም፤ ልጆቹ በየወንበራቸው ሥር ደብቀውታል። ጋሽ ጨለማ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱ። የወንበሩን ረድፍ፣ ሸራውን፣ መጋረጃውን። ጀርባቸው ቀና አለ። "ዛሬ ብዙ ሰው ገብቷል" አሉ፣ በዚያ በሥራ ድምፃቸው። "በሩን ዝጉና እንጀምር።" ባለጥርሷ ክንዴን ጨመቀችኝ። ጥፍሯ ይሰማኝ ነበር።

ባልና ሚስቱ መድረክ ላይ ወጥተው ከጠረጴዛ ኋላ ተቀመጡ። አስተዋዋቂው ወጣት ጥሩ ጥሩ ነገር ተናገረ። በዚያ ሲኒማ ቤት ያደጉት ልጆች ተራ በተራ እየተነሱ ትዝታቸውን አወሩ። አንዱ፣ "ጋሼ መብራት ሲያጠፉ የእናቴን እጅ እይዝ ነበር" ሲል ጋሽ ጨለማ ከሰው ጋር አብረው ሳቁ። ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ከዚያ አስተዋዋቂው፣ ማስደሰቱ መስሎት፣ "እስቲ ሁላችሁም ተነሱና ዞር በሉ፤ የእትዬን ሥራ ለጋሽ ጨለማ አሳዩአቸው" አለ።

አዳራሹ ሙሉ በአንድ ጊዜ ጀርባውን ሰጠ። በየጀርባው ላይ ፊት። ከላይኛው ረድፍ እስከ ታችኛው የፈጠጠ ዓይን፣ የተከፈተ አፍ፣ ነጭ ጥርስ። እኔ እንኳ አንድ በአንድ የማውቃቸው፣ ዚፓቸውን የሸጥኩት፣ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ።

ጋሽ ጨለማ ያወጡት ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር። ጠረጴዛው ሥር ገቡ። ከዚያ ደግሞ ከዚያው ሆነው የባለጥርሷን ቀሚስ ይዘው ወደ ውስጥ ይጎትቷታል፤ እሷንም ሊደብቋት ነው። ልጆቹ ዞረው ሲያዩ የሚቀልዱ መሰላቸው። ጋሽ ጨለማ ቀልደኛ መሆናቸውን ስንቱ ያውቃል። አጨበጨቡ፣ አፏጩ፣ ስልካቸውን አወጡ። ጭብጨባው በበረታ ቁጥር እሳቸው ይብሳሉ። ባለጥርሷ እጇን እያወዛወዘች፣ "ተዉ፣ ልጆቼ፣ ተዉ" ትላለች፤ የሚሰማት የለም። ነገሩ የገባት ቀጭኗ ናት። የራሷን ቦርሳ ጎትታ ወንበሩ ሥር ወረወረችና መድረኩ ላይ ወጥታ የድምፅ ማጉያውን ከልጁ እጅ ነጠቀች። "ዝም በሉ። ሰውየው ታመዋል" አለች። ያን ጊዜ ነው አዳራሹ ጸጥ ያለው።

ልጆቹ ክፉ አልነበሩም። ብዙዎቹ ሲወጡ ቦርሳቸውን በኮታቸው ሸፍነው፣ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ግን ስልክ የያዘውን ይዟል። ቪዲዮው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከሥሩ ሳቅ የተጻፈበት ሲመጣ እኔም አየሁት፤ ሱቄ ውስጥ ነጠላ ክር የምትገዛ ሴት ናት፣ ማን እንደሆኑ ሳታውቅ፣ "ይህን ሽማግሌ አይተሻቸዋል?" ብላ ያሳየችኝ።

ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ መስፋት አልተቻለም። የሱቄን የኋላ ክፍል ባዶ አድርጌላት የስፌት መኪናዋን አወረድን። በመሐከላችን መጋረጃ ሰቀልን። ጠዋት ጠዋት ጋሽ ጨለማ ረጅም ስለሚያንቀላፉ በዚያች ሰዓት ወርዳ ትሠራለች፤ ጣሪያው ላይ ኮቴያቸው ሲሰማ ትወጣለች። ለጥቂት ጊዜ ሠራልን።

አንድ ጠዋት ኮቴ አልተሰማም፤ በባዶ እግራቸው ነበር የወረዱት። እኔ መደርደሪያ ላይ ወጥቼ ክር ሳወርድ፣ ሳላያቸው መጋረጃውን ገለጡ። ባለጥርሷ የተሰፋች ቦርሳ ልትገለብጥ እጇን በዚፑ አፍ በኩል እስከ አንጓዋ ከታለች። እሳቸው ያዩት የሚስታቸውን እጅ የሚውጥ ነገር ነው። አልሸሹም። መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ትልቁን መቀስ አንስተው ያን ነገር ወጉት። ወጉት፣ ወጉት። "ልቀቃት" ይሉታል። "ልቀቃት፣ አንተ።" ከመደርደሪያው ወርጄ ወገባቸውን እስክይዝ ድረስ መቀሱ ሌዘሩን ብቻ ሳይሆን እጇንም አግኝቶት ነበር።

ደሟ መሬት ላይ እየተንጠባጠበ፣ የመጀመሪያ ቃሏ፣ "እንዳትቆጪው" የሚል ነው። "ሊያድነኝ ነው እኮ" አለች። እሳቸው ራሷን ይደባብሷታል። "አይዞሽ" ይሏታል። "ሄዷል፣ አይዞሽ።"

እጇ ተሰፋ። ሁለቱ ጣቶቿ ግን እንደ ድሮው አልታጠፉም። ቢታጠፉም የምትመለስበት አይመስለኝም። ቀጭኗን አስጠርታ የቀሩትን ቦርሳዎች፣ የዓይን መሥሪያውን፣ የጥርሱን ጨርቅ ሁሉ በማዳበሪያ አድርጋ አሸከመቻት። ቀጭኗ፣ "ላስቀምጥልዎት ነው፣ እትዬ" ስትላት፣ "አትመልሺልኝ" አለቻት።

እንግዲህ ቤቱ ባዶ ሆነ። ነጭ ግድግዳ፣ አልጋ፣ ሁለት ወንበር። ሁላችንም አሁን ይረጋጋሉ ብለን ጠበቅን። ልጅቷ ሥራ አስፈቅዳ መጥታ አብራቸው ሰነበተች። እሳቸው ግን ግድግዳው ላይ የቀሩትን ሚስማሮች እያዩ፣ "የት ሄዱ?" ማለት ጀመሩ። ዱሮ የት እንዳሉ ያውቁ ነበር፤ አሁን የትም ሊሆኑ ይችላሉ። ቁም ሣጥን ይከፍታሉ፣ ድስት ይከድናሉ፣ ጫማቸውን ሳያራግፉ አያደርጉም።

ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን ባለጥርሷ ልታጎርሳቸው ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። እሳቸው ማንኪያውን ገፍተው ፊቷን ትክ ብለው አዩት።

"አውልቂው" አሏት።

"ምኑን?"

"ጭምብሉን።"

"ፊቴ እኮ ነው። እኔ ነኝ።"

"አውልቂው" አሉ። ድምፃቸው ቀጠነ። "ሚስቴን የት አደረግሻት?"

ዞር ብላ ተመለሰች፤ ሻሽ አስራ መጣች፣ ሻሿን ፈትታ መጣች፤ እየዘፈነች መጣች፤ የሠርጋቸውን ፎቶ ይዛ መጣች። ፎቶው ላይ ያለችውን ያውቋታል፤ ጣታቸውን ፊቷ ላይ አድርገው፣ "ይቺ ናት" ይላሉ። ከፎቶው አጠገብ ያለችውን ግን ይፈሯታል። ልጅቷን አይፈሩም፣ እኔን አይፈሩም። ውኃ እንኳ ከሚስታቸው እጅ አልቀበል አሉ። አልጋው ላይ ስትጠጋ ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ። ባለጥርሷ እየከሳች ሄደች። አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ ካለው መስታወት ፊት ቆማ አየኋት፤ ፊቷን በጣቷ እየጫነች ታያለች፣ ጉንጯን፣ ግንባሯን። "ምን ይታየው ይሆን?" አለችኝ። ዚፕ የማነሳ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

መጨረሻ ላይ ልጅቷ ናት የወሰነችው። ከከተማው ወጣ ብሎ እንዲህ ዓይነት ሕመም ያለባቸውን አዛውንቶች የሚይዝ ቤት አለ። ሲወስዷቸው ባለጥርሷ መኪናው ውስጥ አልገባችም፤ ከገባች እንደሚጮኹ ታውቃለች። ልብሳቸውን አጣጥፋ፣ የሸሚዛቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ እየሳበች አጠንክራ፣ ሻንጣውን ለልጇ ሰጠችና ደረጃው ላይ ቀረች። መኪናው ከታጠፈ በኋላም እዚያው ነበረች። ደንበኞች ይቅርታ እያሉ በአጠገቧ ወደ ሱቄ ይገባሉ።

አሁን የቤት ዕቃ ለሚሸጥ ሰው መጋረጃ ትሰፋለች። ቀጥ ያለ ስፌት ነው፤ በቀሩት ጣቶቿ ትችለዋለች። ከእኔ የምትወስደው ነጭና ክሬም ክር ብቻ ነው። ወጣቶቹ አንዳንዴ እየመጡ፣ "እትዬ አሉ?" ይሉኛል። "አቁማለች" እላቸዋለሁ። በሌላ መንገድ ላይ ፋብሪካ የሠራቸው ጥርስ ያላቸው ቦርሳዎች መሸጥ ጀምረዋል፤ እነሱን አንግተው ያልፋሉ።

በየእሑዱ እናትና ልጅ አውቶቡስ ይዘው ይሄዳሉ። ባለፈው እኔም ሙዝ ይዤ አብሬያቸው ሄድኩ። ልጅቷ ትገባለች፤ ባለጥርሷ ከአጥሩ ውጪ ያለችው አግዳሚ ላይ ትጠብቃለች። ከእሷ ጋር ተቀመጥኩ።  ልጅቷ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

"በላ?" አለች ባለጥርሷ።

"በልቷል። ደህና ነው። ፀሐይ ላይ አውጥተውት ነበር።"

"አልጮኸም?"

"አልጮኸም።"

ባለጥርሷ ቦርሳዋን፣ ያንን ተራውን የገበያ ቦርሳዋን፣ ጭኗ ላይ አስተካከለች። "ስለ እኔ ምን አለ?"

ልጅቷ ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ ወደ እናቷ። "ጠየቀ" አለች። "'ሚስቴ ዛሬም አልመጣችም?' አለ።"

"ምን አልሽው?"

"ትመጣለች አልኩት።"

ባለጥርሷ ራሷን ነቀነቀች። አውቶቡሱ ሲመጣ ቀድማ የተነሳችው እሷ ናት።